ከመድረክ የሸሹት እናት
ስለ አንድ ሰው ቴያትርና ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ

ሰው በሕይወቱ ሳለ የሠራው ሥራ ከሞተ በኋላ የሚታሰበው፥ አንድም በጽሕፈት አንድም በልጆቹ አፍ ነው። ጽሕፈት የሚጻፍላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጦር አለቆችና ታላላቅ ሹማምንት ስለሆኑ፥ በቤት ወይም በገዳም ኖረው ያለፉ ሴቶች ሥራ ቶሎ ይረሳል። ይልቁንም ሴቲቱ ዜማ ደራሲ የሆነች እንደ ሆነ፥ ድምፅ ነፋስ የሚወስደው ነገር ነውና፥ ስምዋና ሥራዋ አብረው ይጠፋሉ። ይህን ጥፋት ለመከልከል ከተፈለጉት ዘዴዎች አንዱ፥ አንድ ሰው ብቻውን በመድረክ ቆሞ የሌላውን ሰው ሕይወት የሚያሳይበት ቴያትር ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚህ ዐይነቱ ቴያትር ጥቂት ከተናገርን በኋላ፥ የጎንደር ድኾች ተማሪዎች ልባቸውን ስለ ነኩት ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እንጽፋለን። በጽሕፈታችን ውስጥ ዓ.ም. ብለን ካላመለከትን በቀር የዘመኑ ቍጥር የአውሮፓ ነው።

የሞዛርት እኅት

ሞዛርት የሚለውን ስም ያልሰማ የተማረ ሰው ጥቂት ነው። ሞዛርት በአምስት ዓመት ዕድሜ የምትበልጠው ማሪያ አና የምትባል እኅት እንደ ነበረችው የሚያውቅ ግን እጅግ ያንሳል። ይህች ሴት በ1751 በሳልዝቡርግ ከተማ ተወለደች። አባትዋ ሊዮፖልድ ሙዚቃ አስተማራት፤ ከ1763 እስከ 1766 ድረስም እርስዋንና ወንድምዋን ይዞ በአውሮፓ ከተሞች እየዞረ በነገሥታቱ ፊት አጫወታቸው። በዚያን ጊዜ ጋዜጦች የሁለቱንም ልጆች ችሎታ እያደነቁ ይጽፉ ነበር። ልጅቱ ለጋብቻ በደረሰች ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከ1769 ጀምሮ አባት ወንድ ልጁን ብቻ ይዞ ወደ ኢጣልያ ሲሄድ፥ እርስዋ ከእናትዋ ጋር በቤት ቀረች። ዜማ ደርሳ እንደ ነበረ የወንድምዋ ደብዳቤ ይመሰክራል፤ ነገር ግን ከድርሰትዋ አንድ ቅጠል እንኳ አልተገኘም። በ1784 አግብታ በአንዲት ትንሽ ከተማ ኖረች፤ በ1829 አረፈች።

ሲልቪያ ሚሎ የምትባል ተዋናይት የዚህችን ሴት ታሪክ ከቤተ ሰቡ ደብዳቤዎች ለቅማ፥ «ሌላዋ ሞዛርት» ብላ ቴያትር ደረሰች። በ2014 በኒው ዮርክ፥ ከዚያም በኋላ በብዙ አገር ብቻዋን ተጫወተችው። በመድረኩ ላይ የተዘረጋው አንድ ትልቅ ቀሚስ ብቻ ነው፤ ቀሚሱ ወለሉን ሁሉ ሸፍኖት፥ ደብዳቤውና የዜማው ወረቀት በላዩ ተበትኖ ይታያል። ተዋናይቱ አንድ ጊዜ እኅቲቱን፥ አንድ ጊዜ እናቲቱን፥ አንድ ጊዜ አባትየውን ትሆናለች። የሚመለከተውም ሰው፥ ያች ልጅ ከምን እንደ ተከለከለች በገዛ ዐይኑ አይቶ ይወጣል።

ይህ ዐይነቱ ጨዋታ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነው ልንል አንችልም። በጎንደርና በዙሪያዋ ባለው አገር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ገብቶ፥ አንዱን እያወደሰ፥ ሌላውን በሰምና ወርቅ እየነካ፥ የሰርጉን ቤት ሲያስቅና ሲያስለቅስ የምናውቀው ነው። በአዲስ አበባም በረከት በላይነህ የደረሰውን «እያዩ ፈንገስ» የተባለውን ቴያትር ግሩም ዘነበ ብቻውን ተጫውቶት ብዙ ሕዝብ ተመልክቶታል። እንግዲህ መንገዱ አለ፤ የጎደለው የተረሳችውን ሴት በመንገዱ ላይ ማቆም ነው።

የከንቲባ ገብሩ ልጅ

እማሆይ ጽጌ ማርያም በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበረ። እናታቸው ወይዘሮ ካሳዬ የለምቱ፥ አባታቸውም ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ከንቲባ የሚለው ማዕርግ ከጥንት የጎንደር ከተማ ሹም የሚጠራበት ሲሆን፥ ከንቲባ ገብሩም በአፄ ምኒልክ ዘመን ጎንደርን ያስተዳደሩ፥ በኋላም በአዲስ አበባ ከንቲባነት ያገለገሉ፥ የውጭ አገር ትምህርትና ቋንቋ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

እኚህ አባት ሴት ልጅን ከጓዳ ወጥታ እንድትማር ማድረግ ብዙ ሰው በሚያስገርምበት ጊዜ፥ ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን ስንዱንና የውብዳርን ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ሰደዱ። የውብዳር ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ታላቂቱ እኅት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር፥ ቴያትርና ግጥም ደራሲ፥ በ1957ም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። ከአንድ ቤት አንዲቱ በቃል፥ አንዲቱ በዜማ ወጡ ማለት ነው።

የውብዳር በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጥቂት ሳይቈይ የጣልያን ወረራ መጣ። በ1937 ከቤተ ሰባቸው ጋር ተይዘው በባሕር ማዶ በአሲናራ ደሴት፥ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ በመርኮሊያኖ ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው፥ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በየቀኑ ቫዮሊን አምስት ሰዓት፥ ፒያኖ አራት ሰዓት ያጠኑ ነበር። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለ ነሳቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ መምህሩም አብረው መጥተው የክብር ዘበኛ ሙዚቃ መሪ ሆኑ።

ከዚህ በኋላ በሎንዶን በንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ተገኘላቸው። ጓዛቸው በተሰናዳ ጊዜ ግን የመሄጃው ፈቃድ ተከለከለ። አንዲት ወጣት ከስድስት ዓመትዋ ጀምራ የተሰናዳችበት ነገር፥ ደጁ ከደረሰች በኋላ ሲዘጋባት ልብዋ ምን እንደሚሆን ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እርሳቸውም ምግብ እምቢ ብለው እስከ ሞት ደርሰው ታመሙ፤ በሆስፒታል ተኝተው ሳሉም ቅዱስ ቍርባን ተቀበሉ። ከዚያ ሕመም የተነሡት ሌላ ሰው ሆነው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ማንም ሳያውቅባቸው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ በሃያ አንድ ዓመታቸውም መነኰሱ። በዚያ አምባ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል ጫማ ሳይጫሙ፥ ፒያኖም ሳይነኩ ኖሩ።

እዚህ ላይ ከሞዛርት እኅት ጋር እናስተያያቸው። ሊዮፖልድ የልጁን በር ከፈተ፤ ኋላም ራሱ ዘጋው። ከንቲባ ገብሩ በሩን ከፈቱ፤ የዘጋባቸው ከቤት ውጭ ያለው ዓለም ነው። ስለዚህ ለሴት ልጅ ትምህርት የአባት በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ፥ ከቤት ስትወጣም የሚቀበላት አገር እንደሚያስፈልጋት ከዚህ እንማራለን።

በጎንደር

ከገዳም ሕይወት በኋላ እማሆይ ወደ እናታቸው ተመለሱ፤ ከፒያኖም ጋር ታረቁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት በጎንደር ተቀመጡ።

ዜማን ለመማር ከጎንደር የሚሻል አገር ማን ያገኛል? አፄ ፋሲል በ1636 ከቈረቈሩት ጊዜ ጀምሮ ይህ ከተማ የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳይሆን የሊቃውንት ጉባኤ ነው። በአቋቋም ትምህርት የጎንደር በአታ ምስክር እንደ ሆነ፥ የሩቅ አገር ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ግዕዝ ዕዝልና አራራይን የሠራው ቅዱስ ያሬድም በአክሱም ቢያገለግል፥ የሕይወቱን መጨረሻ ያሳለፈው በዚያው በሰሜን ተራሮች እንደ ሆነ ትውፊት ይናገራል። ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው በማኅሌት የሚቆሙት ግን ወንዶች ናቸው። በአውሮፓ ትምህርት የሠለጠነች አንዲት መነኵሲት ይህን ዜማ ልትማር መምጣትዋ፥ የትምህርት ፍቅር ምን ያህል እንደሚያስጕዝ ያሳያል።

እማሆይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በየቀኑ የሚያዩት አንድ ነገር ነበረ። ደበሎ የለበሱ፥ አኮፋዳ ያንጠለጠሉ ልጆች በደጀ ሰላሙ አጠገብ በሜዳ ያድራሉ፤ ሲነጋ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቍራሽ ይለምናሉ፤ ከዚያ ተመልሰው በመምህራቸው እግር ሥር ዜማቸውን ይቀጽላሉ። የደጋው ውርጭ የጎንደርን ሌሊት እንዴት እንደሚያደርገው ያደረበት ያውቀዋል። ይህ ለአገሩ ሰው የለመደው ነገር ነው፤ ቆሎ ተማሪ ሁልጊዜ እንዲህ ይኖራል ብሎ ያልፈዋል። እማሆይ ግን ሊያልፉት አልቻሉም። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ያላቸውን ለመስጠት አሰቡ። ያላቸውም ዜማ ነበረ።

በዚህ ምክንያት የደረሱትን በፒያኖ ተጫውተው በሸክላ አስቀረጹ። በ1960ዎቹ ዓመታት የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ፤ በዚህም አፄ ኃይለ ሥላሴ ረዷቸው። ከሽያጩ የሚገኘው ለድኾችና ለተማሪዎች እርዳታ እንዲውል ነበረ። እንግዲህ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የእማሆይ ሙዚቃ ከገዳምና ከቤት ወጥቶ የተሰማው ገንዘብ ወይም ክብር ተፈልጎ ሳይሆን፥ በጎንደር ደጀ ሰላም በብርድ ያደሩ ልጆች ስለ ታዘኑ ነው። የጎንደር ሰው ይህን ሊያውቀው ይገባል እንላለን።

ዜማቸውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንግለጥ። ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓ ሊቃውንት ሥርዐት ምቱን ይዞ ይሄዳል። ቀኝ እጃቸው ግን በአገራችን ቅኝት በአምስት ድምፅ እየተመላለሰ፥ እንደ መሪጌታ ድምፅ አንድ ጊዜ እያዘገመ፥ አንድ ጊዜ እየተርገበገበ ይወጣል። ለድርሰቶቻቸው የሰጡት ስም በአማርኛ «የእናት ፍቅር»፥ «የባሕር መዝሙር»፥ «ቤት የሌለው ተቅበዝባዥ» ማለት ነው። ቃል የለበትም፤ ነገር ግን የአገር ናፍቆትን የቀመሰ ሰው ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

እናታቸው ካረፉ በኋላ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በዚያም በደብረ ገነት በኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ትንሽ ክፍል ከአንድ ፒያኖ ጋር ኖሩ። በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ሃያ አንደኛው አድርጎ ዜማቸውን ባሳተመው ጊዜ፥ ዝናቸው በዓለም ተሰማ። በ2013 የድርሰቶቻቸው የዜማ ጽሕፈት በኢየሩሳሌም ታተመ። በ2020 «ታይም» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ዜማቸው ተሰማ። ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ በስማቸው የተጠራ ድርጅትም ቆመ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በዚያው በኢየሩሳሌም አረፉ።

ስለ መድረኩ

አሁን ወደ አሳባችን እንምጣ። የእማሆይ ሕይወት አንድ ሰው ብቻውን ለሚጫወተው ቴያትር እጅግ የተስማማ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ብቻቸውን ከአንድ ፒያኖ ጋር የኖሩ ናቸውና። ለዚህ ሥራ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ፒያኖ፥ አንድ ወንበር፥ አንድ ነጠላ፥ በመድረኩም ዳር የተቀመጠ አንድ ጥንድ ጫማ ይበቃል። ተዋናይቱ ነጠላውን በትከሻዋ ብታደርገው እናቲቱን ወይዘሮ ካሳዬን፥ ብታጣፋው አባትየውን ከንቲባ ገብሩን፥ በራስዋ ላይ ብትሸፍነው መነኵሲቱን ትሆናለች። ጫማውን አውልቃ ባኖረች ጊዜም ሰው ሁሉ ግሸን እንደ ደረሰች ያውቃል። ፒያኖ በሌለበት አገር የእማሆይን የተቀረጸ ድምፅ ማሰማት ይቻላል። ስለዚህ ይህ ቴያትር ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ፥ በአንድ መኪና ተጭኖ ሊሄድ የሚችል ነው። ሃያ ተዋንያንን ማብላትና ማሳደር የማይችል የወረዳ ትምህርት ቤት፥ አንዲትን ሴት ለመቀበል አያቅተውም።

የሞዛርት እኅት ድርሰት ስለ ጠፋ፥ ለእርስዋ የተሠራው ቴያትር በዝምታ ዙሪያ የተሠራ ነው። የእኛዪቱ እናት ድርሰት ግን በእጃችን አለ። እርስዋን የረሳት ዘመን ምክንያት ቢኖረው፥ እኛ ግን ምክንያት የለንም።

አንዳንድ ሰዎች ግን የሚገባ ጥያቄ ይጠይቁ ይሆናል። ክብርን ንቀው ገዳም የገቡትን መነኵሲት፥ ከሞቱ በኋላ መድረክ ላይ አውጥቶ ማስጨብጨብ ነውር አይደለምን? ይላሉ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኛም ብዙ አስበንበታል። እማሆይ በእውነት ጭብጨባን የሸሹ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ዜማቸውን አልደበቁትም፤ ለሰው የሚጠቅም በሆነ ጊዜ ራሳቸው አውጥተው ሰጡት። ስለዚህ በስማቸው የሚጫወት ቴያትር ትርፉ ለነጋዴ የሆነ እንደ ሆነ፥ በእውነት ነውር ነው። በደጀ ሰላም ለሚያድሩት ተማሪዎችና ሙዚቃ ለሚማሩ ሴቶች ልጆች የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ እርሳቸው የጀመሩትን መቀጠል ነው። ደራሲውም ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ እማሆይን የምታሳዝን ምስኪን ብቻ አድርጎ እንዳያቀርባቸው። ተከለከሉ፤ ታመሙ፤ ነገር ግን ተነሡ፤ ከዚያም ሌላውን አነሡ። የታሪኩ ፍሬ ነገር መከልከላቸው ሳይሆን፥ የተከለከለች ሴት እጅዋን ለሌላው መዘርጋትዋ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በየቤታችሁ ሳሕን ስታጥብ የምታንጐራጕር፥ ሳታውቁት ክራር የምትነካካ፥ በትምህርት ቤት መዝሙር ድምፅዋ ከሌሎች ተለይቶ የሚሰማ ልጅ ትኖር ይሆናል። ዝም በይ ከማለታችሁ በፊት ጥቂት አድምጧት። ሥልጣን ያላችሁም ከፊታችሁ የአንዲት ልጅ የትምህርት ፈቃድ ወረቀት በቀረበ ጊዜ፥ በዚያ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ብዕር የአንድ ሰው ዕድሜ የሚከፍት ወይም የሚዘጋ መሆኑን አስቡ። የሎንዶን በር የተዘጋባቸው እናት፥ ዕድሜያቸውን ለእግዚአብሔርና ለድኻ ሰጥተው ኪሳራውን ወደ በረከት መለሱት። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ግን በየዘመኑ አይገኝም፤ የሌሎቹ መክሊት ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ የልጆቻችንን መክሊት በጊዜው አይተን ብንረዳ፥ የኋላው ትውልድ ስለ ተረሱ ሴቶች የሚደርሰው ቴያትር ያንስለታል፤ የሚሰማው ዜማ ግን ይበዛለታል።